«ማን ይጨፍን?» የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ቆጠራ እንዴት ነበር?

የሙጋድ ልጅ

ሰላም ለቤቱ። ስለ አኩኩሉ ብዙ ሰው ያወራል። የጨፈነው ልጅ «አኩኩሉ!» ይላል፤ የሚደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ «ነጋ!» ይባልና ፍለጋው ይጀመራል። ይሄን የማያውቅ የለም። እኔ ማንሳት የፈለግኩት ከዚያ በፊት ያለውን ነው። መጀመሪያ ማን ይጨፍን? ይሄን የሚወስነው ቆጠራው ነው፤ እሱን ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

እኛ ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር፣ በክብ እንቆም ነበር። አንዱ ደረት ደረታችንን እየነካ ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው በፊደል ነው፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ። «ሆ» ያረፈበት ይወጣል። ከቀጣዩ ልጅ እንደገና ይጀመራል። መጨረሻ ላይ ብቻውን የቀረው ይጨፍናል። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ልጆች ደግሞ በዚሁ ፊደል ይቆጥሩና «ሆ» ያረፈበትን ወዲያው ያስጨፍኑታል። ፊደሉ አንድ፣ ሕጉ ሌላ። የሁለቱ ሰፈር ልጆች አንድ ላይ ስንጫወት ከጨዋታው ይልቅ ክርክሩ ይረዝም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የምትቆጥሩበትን ቃል ብቻ አይደለም። ቆጠራው ከማን ይጀመራል? ከቆጣሪው ነው ወይስ ከጎኑ ካለው? የመጨረሻው ቃል ያረፈበት ያመልጣል ወይስ ይያዛል? ሰፈራችሁንም ጻፉልኝ። «ደሴ» ብቻ አትበሉኝ፤ ሸዋ በርና ሮቢት አንድ አይደሉም። ቃሉ ከትምህርት ቤት ሊመጣ ይችላል፣ ከሬዲዮም ሊመጣ ይችላል። ሕጉን ግን ያወጣው የሰፈር ልጅ ነው። እኔ ተጽፎ እንዲቀመጥ የምፈልገው እሱን ነው።


ኮምቦልቻዊት

እሰይ! እንኳን አነሳሽው እህቴ።

እኔ ያደግኩት ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ናት፤ ቀን ላይ ሙቀቱ አያስወጣም። ጨዋታችን የሚደምቀው አመሻሽ ላይ ነው። እናንተ ብርዱ ሲመጣ ቤት ስትገቡ እኛ ገና መውጣታችን ነበር።

ጎረቤቶቻችን ከየቦታው የመጡ ናቸው። ከቃሉ ወረዳ ገጠር፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከደሴም። ብዙው ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል። ስለዚህ ቆጠራችን እንዲህ ነበር፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሻን፣ ጀሃ፣ ቶርባ፣ ሰዴት፣ ሰገል፣ ኩደን። አንድ ዓረፍተ ነገር ኦሮምኛ የማይችለው ልጅ እንኳን እስከ ኩደን ድረስ ሳይደናቀፍ ይወርደዋል። ኩደን ያረፈበት ይወጣል። መጨረሻ የቀረው ይጨፍናል።

የሚጀመረው ከቆጣሪው ቀኝ ነው። ቆጣሪው ራሱን መጨረሻ ላይ ይቆጥራል። ራሱን ዘሎ ካለፈ ቆጠራው ይሰረዛል፣ ከመጀመሪያው ይደገማል። በዚህ ጉዳይ ምሕረት አልነበረም።


ጦሳ ስር

ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ። የኔ ልጅነት በጃንሆይ ዘመን ነው፤ አይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ ነው ያደግኩት።

እኛ ዘንድ ግማሹ ልጅ የቄስ ትምህርት ቤት ይውላል፣ ግማሹ ቁርአን ቤት። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ አንድ እንሆናለን። የቄስ ትምህርት ቤቶቹ በሀ ሁ ይቆጥራሉ፣ የቁርአን ቤቶቹ በአሊፍ፣ ባ፣ ታ። ዛሬ በእናንተ፣ ነገ በእኛ እየተባለ ይፈራረቃል። የዐረብኛው ፊደል 28 ነው፤ ሁሉንም ለመውረድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትልልቆቹ ግን እስከ ያ ድረስ ያወርዱት ነበር፤ ትንንሾቹ በዚያው ይማሩ ነበር። እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ አሊፍ ባ ታን የለመድኩት በዚህ ቆጠራ ነው። የወሎ ልጅ ይሄ አይገርመውም።

ለቡድን ጨዋታ ደግሞ ቆጠራ አይሆንም። የገና ጨዋታ ስንጫወት፣ ሁለቱ አለቆች ለብቻ ይቆማሉ። ሌላው ልጅ በጉልበት የሚመጣጠነውን ጓደኛውን ይይዝና ዞር ብለው ስም ያወጣሉ። አንዱ ወርቅ ይሆናል፣ አንዱ ብር። ተቃቅፈው መጥተው «ወርቅ ወይስ ብር?» ይላሉ። አለቃው ወርቅ ካለ ወርቁ የእሱ ነው፤ ብር የሆነው ወደ ሌላው ይሄዳል። ማን ምን እንደሆነ አለቃው አያውቅም። እንግዲህ አስቡት፤ ቡድኑ የሚመጣጠነው በአለቃው ፍርድ አይደለም፣ ልጆቹ ራሳቸው አቻቸውን ስለመረጡ ነው። ከዚህ የተሻለ አከፋፈል እስካሁን አላየሁም።

ማን ይጀምር ለሚለው ሳንቲም ይወረወራል፤ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይባላል። በዚያን ጊዜው ሳንቲም በአንድ ወገን ጃንሆይ፣ በሌላው አንበሳ ነበር።


የሒሳብ መምህር

ጋሼ ጦሳ፣ ያቆይልን። ስለ ወርቅና ብሩ የጻፉትን ነገ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

የሙጋድ ልጅ ያነሳችው የሁለት ሰፈር ክርክር ላይ ግን ልቆይ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት።

ሀ ሁ 7 ምት ነው። አምስት ልጆች ቆመዋል እንበል፤ ቆጠራው ከ1ኛው ይጀመራል። 7ን ለ5 አካፍሉ፤ ቀሪው 2 ነው። «ሆ» የሚያርፈው 2ኛው ልጅ ላይ ነው። ሁልጊዜ! ስድስት ከሆናችሁ ቀሪው 1 ነው፣ 1ኛው ላይ ያርፋል። አራት ከሆናችሁ 3ኛው ላይ። ሰባት ከሆናችሁ ቀሪ የለም፣ መጨረሻው ላይ ያርፋል። ዕድል የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ምቱና የልጆቹ ብዛት ከታወቀ ውጤቱ ከቆጠራው በፊት ታውቋል።

አሁን የሁለቱን ሰፈር ሕግ እንይ። ከአስፋልቱ ማዶ «ሆ» ያረፈበት ይጨፍናል፤ ስለዚህ ከአምስት ልጆች የሚጨፍነው 2ኛው ነው። በሙጋዱ ሕግ ደግሞ «ሆ» ያረፈበት ይወጣል። መጀመሪያ 2ኛው ይወጣል። ከ3ኛው ሲቀጥል 5ኛው ይወጣል። ከዚያ 1ኛው፣ ከዚያ 3ኛው። የሚቀረው 4ኛው ነው። ያው ፊደል፣ ያው አምስት ልጅ፣ ያው አቋቋም። አንዱ ሰፈር ቀድሞ ያመለጠው ልጅ ሌላው ሰፈር ተይዟል። ታዲያ እንዴት አይከራከሩ?

ይሄ ሂሳብ በዓለም የታወቀ ጥያቄ ነው፤ በአይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ በጆሴፈስ ስም ይጠራል። 41 ሰው በክብ ይቆማል፣ እየተቆጠረ 3ኛው ሁሉ ይወጣል። መጨረሻ የሚቀሩት ሁለቱ 16ኛውና 31ኛው ቦታ ላይ የቆሙት ናቸው። የኛ ልጆች ይሄንኑ በሆጤ ሜዳ ላይ ይሠሩት ነበር።

በቀን ስም የምትቆጥሩም ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በቃል ከመታችሁት ሰኞ እስከ እሁድ 7 ነው፣ ከሀ ሁ ጋር እኩል። በድምፅ እየቆራረጣችሁ ከመታችሁት ግን፣ ሰ-ኞ፣ ማክ-ሰ-ኞ እያላችሁ፣ 15 ይደርሳል። «ረቡዕ» በማለት ፈንታ «ሮብ» ካላችሁ ደግሞ 14 ይሆናል። ለአምስት ልጆች 15 መጨረሻው ላይ ያርፋል፣ 14 ደግሞ 4ኛው ላይ። «ሮብ» በል «ረቡዕ» በል ብለው የሚጣሉ ልጆች ካያችሁ በከንቱ እንዳይመስላችሁ።


አዝዋ

መምህር፣ ተባረክ። ግን አንድ ነገር ልበል። ይሄን ሁሉ ልጆቹ ያውቁት ነበር። በወረቀት ሳይሆን በእግር።

እኛ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ልጅ ነበር፣ ሁልጊዜ ቆጠራው ሊጀመር ሲል ቦታ ይቀይራል። ጫማውን ያስራል፣ ይነሳል፣ ሲነሳ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቀንም ሲጨፍን አላየሁትም። ሌሎች ደግሞ ቆጠራው ጓደኛቸው ላይ ሊያርፍ ሲል ጭራ ይቀጥሉበታል። «ሆ» ላይ ማቆም ሲገባ «አንተ ነህ» ይጨመራል። ሁለት ምት መሆኑ ነው። 7 የነበረው 9 ይሆናል፤ በመምህሩ ሂሳብ ከ2ኛው ልጅ ወደ 4ኛው ይዘላል።

ኬኔዝ ጎልድስታይን የሚባል አሜሪካዊ የፎክሎር ተመራማሪ ይሄንኑ ነገር ፊላደልፊያ ውስጥ አጥንቶታል። ጥናቱ የታተመው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ልጆቹን ሲጠይቃቸው «ዕድል ነው፣ ማንም አያዳላም» አሉት። ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ግን ሌላ ነው። ግጥሙን ያስረዝማሉ፣ ራሳቸውን ይዘላሉ፣ ቦታ ይቀይራሉ፣ እንደ ልጁ ብዛት የሚያዋጣቸውን ግጥም ይመርጣሉ። ያነበብኩ ጊዜ የቧንቧ ውሃው ልጅ ነው ትዝ ያለኝ።

እኔ ይሄን ማጭበርበር ብዬ መጥራት አልፈልግም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይሞክራል፣ የበዛበት ይያዛል። ጨዋታው የሚጀምረው «አኩኩሉ» ሲባል ሳይሆን ክቡ ሲሠራ ነው።


የገራዶ እናት

አዝዋ፣ እኔ አልስማማም። ትንሹ ልጅ አያውቅማ። ቆጠራው ላይ ሁልጊዜ ተሸናፊው የስድስት ዓመቱ ነው። ታላላቆቹ ሲያሰሉበት እሱ ዕድሌ ነው ብሎ ይጨፍናል። የኔ ትንሹ ልጅ እያለቀሰ ሲገባ አይቻለሁ፤ ለእሱ ጨዋታ አይደለም።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ የኔ ልጆች አሁን የሚቆጥሩት «ኢኒ ሚኒ ማኒ ሞ» እያሉ ነው። ከመዋለ ሕፃናት ይዘውት መጡ። አያታቸው «ይሄ ደግሞ የምን ድግምት ነው?» ይላሉ። እኔ ግን አልከፋኝም፤ ምክንያቱም ሕጉን አልቀየሩትም። እንግሊዝኛውን ይጨርሱና «ወጥተሃል!» ብለው በአማርኛ ይዘጉታል። ያረፈበት ይወጣል፣ የቀረው ይጨፍናል። ልክ እኛ በሀ ሁ እንዳደረግነው።

ስለዚህ ቆጠራ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ሄንሪ ካሪንግተን ቦልተን የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሰው በ1888 እ.ኤ.አ. የልጆች ቆጠራዎችን ሰብስቦ መጽሐፍ አሳተመ። ከብዙ ቋንቋዎች የተሰበሰቡ ከ800 በላይ ናቸው። በእሱ ግምት ይሄ ጨዋታ አዋቂዎች በጥንት ጊዜ ዕጣ ይጥሉበት ከነበረው ሥርዓት የተረፈ ነው። ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን፣ ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለም። እቁብ የሚጥል ሰው ሁሉ ዕጣ ምን እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ነገር ለወላጆች፦ ያ የእንግሊዝኛ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ድሮ ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል ነበረበት። በኋላ ወጥቶ በቦታው «ታይገር» ገባ። ልጆቻችን የሚሉት የተቀየረውን ነው። ኢንተርኔት ላይ የድሮውን ካያችሁ እንዳታስተምሯቸው።


የሸዋ በር ልጅ ከባሕር ማዶ

እናንተዬ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የማነበው፤ እንባዬ መጣ።

የሴቶቹን ማንም አላነሳውማ! እኛ ሱዚ ስንጫወት መዝለል ሁሉም ይፈልጋል፣ ገመዱን መያዝ ማንም አይፈልግም። ሁለት ሰው መያዝ አለበት። ስለዚህ የምንቆጥረው ሁለት ለማግኘት ነው፤ አንዴ ተቆጥሮ አንዷ፣ ደግሞ ተቆጥሮ ሌላዋ ትገኛለች። ያረፈባት ትይዛለች፤ «ወጣሽ» የሚባል ነገር የለም።

የምንቆጥረው በእቴሜቴ ነበር። እጅ ለእጅ እየተመታን የምንዘፍነውን ሙሉውን አይደለም። የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ፦ እቴ፣ ሜቴ፣ የሎሚ፣ ሽታ። አራት ምት። «ሽታ» ያረፈባት ሱዚ ትይዛለች። አራት ልጆች ሆነን ቆጣሪዋ መጨረሻ ላይ ከቆመች ራሷ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አራት ስንሆን ቆጣሪ መሆን የሚፈልግ ይጠፋል፤ አምስት ስንሆን ሁሉም «እኔ ልቁጠር» ይላል። አሁን በመምህሩ ጽሑፍ ነው ምክንያቱ ቁልጭ ያለልኝ።

መሐረቤን ያያችሁ ላይ ደግሞ ቆጠራ አያስፈልግም ነበር። መሐረቡ የማን ከሆነ እሷ ትጀምራለች። አለቀ።


የሆጤ ልጅ

እኛ በቅርብ ያደግን ነን፣ ቆጠራ ብዙም የለም። ኳስ ላይ ሁለቱ አሪፎች ይቆሙና እየተፈራረቁ ይመርጣሉ። መጨረሻ የሚመረጠው ልጅ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ያውም በሁሉ ፊት። የጋሼ ጦሳን ወርቅና ብር ሳነብ በጣም ነው የቀናሁት። እውነት ለመናገር ቅዳሜ ለታናናሾቼ አሳያቸዋለሁ።


የሒሳብ መምህር

ኮምቦልቻዊት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። በእናንተ ሕግ 10 ምት ነው፤ ከቆጣሪው ቀኝ ይጀመራል፣ ቆጣሪው መጨረሻ ነው፤ ኩደን ያረፈበት ይወጣል። አምስት ልጆች ካላችሁ 10 ለ5 ቀሪ የለውም። ኩደን የሚያርፈው ቆጣሪው ላይ ነው ማለት ነው። አምስት በሆናችሁ ቁጥር ቆጣሪው ቀድሞ ያመልጣል። ይሄን ማንም አላስተዋለም?


ኮምቦልቻዊት

አስተውለን ነው እንጂ! ለዚህ ነው እኮ ማንም በዘፈቀደ ቆጣሪ የማይሆነው። የሚቆጥረው ባለፈው ጨዋታ የጨፈነው ልጅ ነው። አንዴ ጨፍኗል፤ አሁን እንዲያመልጥ መብቱ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ደግሞ የሚቆጥረው ትንሹ ልጅ ነበር። የገራዶ እናት፣ ይሄን ለልጆችሽ ንገሪያቸው፤ ትንሹ ይቁጠር። ስድስት ከሆናችሁ ግን ቆጣሪው ቀድሞ አያመልጥም፣ ያኔ መጀመሪያ 4ኛው ላይ ነው የሚያርፈው። እኛማ ስድስተኛ ሲመጣ «ጠብቅ» እንል ነበር።


የገራዶ እናት

ኮምቦልቻዊት፣ ወላሂ ዛሬውኑ! አዝዋ፣ አየህ? ልጆች ሲፈልጉ ለትንሹም ሕግ ያወጣሉ።


አዝዋ

ተቀብያለሁ። የኛ ሰፈር ይሄ ሕግ ቢኖረው ያ ጫማ የሚያስረው ልጅ አንዴም ቢሆን ይጨፍን ነበር።


ጦሳ ስር

ልጄ ኮምቦልቻዊት፣ ይሄንን ጠበቃ ቢሰማው ይደነቃል። «ባለፈው የተጎዳ ዛሬ ይቁጠር» ማለት እኮ ነው። በቁርአን ቤቶቹ በኩልም የሚቆጥረው መጨረሻ የመጣው ልጅ ነበር። መጨረሻ የመጣ ሴራ አልሠራም ተብሎ።


የሙጋድ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ «መጨረሻ የመጣ ይቁጠር» የሚለውን በፍጹም አልሰማሁም ነበር። ጻፍኩት።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ሁለት ልጅ ብቻ ሲቀር ምን ታደርጉ ነበር? እኛ ሙጋድ በዚያው በሀ ሁ እንቀጥል ነበር። 7 ለ2 ቀሪው 1 ነው፤ ቀድሞ የተነካው ይወጣል፣ ሁለተኛው ይጨፍናል። ያኔ ጠቡ «ከእኔ ጀምር» በሚለው ላይ ነበር። ኮምቦልቻዊት፣ በእናንተ 10 ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀድሞ የተነካው ይጨፍናል። ሁለቱም «ከእሱ ጀምር» ይላሉ ማለት ነው?


ኮምቦልቻዊት

ልክ ብለሻል፣ ለዚያ ነው ሁለት ሲቀሩ የማንቆጥረው። ቀድሞ የወጣው ልጅ ይመጣና ጠጠር ያነሳል። እጁን ወደ ኋላው አድርጎ በአንዱ መዳፍ ይጨብጠዋል። ሁለቱን ጭብጥ ያወጣና ከሁለቱ ልጆች በዕድሜ ለሚያንሰው «የቱ ነው?» ይለዋል። ጠጠሩን ካገኘ ያመልጣል፣ ካጣው ይጨፍናል። ጠጠር ያዡ በዓይኑ ጠቅሶ ሲያሳይ ከተያዘ ግን ሁለቱም ነፃ ይወጣሉ፣ የሚጨፍነው ራሱ ጠጠር ያዡ ነው።


የሸዋ በር ልጅ ከባሕር ማዶ

እኛም ጠጠር ነበር! ግን የምትጠይቀው ታላቋ ናት፣ ትንሿ አይደለችም። ሸዋ በር፣ ከመናኸሪያው በላይ። ይሄንንም ጻፊው።